የናቡቴ ርስትና የማኅተሙ ደብዳቤ፦ ለጥናት ስለሚመጡ እንግዶችና ስለ ማኅበረሰብ ፈቃድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ቅዱስ ኤልያስ በጸሎቱ ሰማይን በመዝጋቱና በመክፈቱ፣ በቀርሜሎስ ተራራ በተገለጠው ተአምር፣ በእሳት ሠረገላም በማረጉ በምእመናን ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ስለ አንድ ገበሬ የወይን ቦታ ወደ ንጉሥ መላኩ ግን በስብከታችን ብዙ ጊዜ አይነሣም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 እንደ ተጻፈው፣ ንጉሡ አክዓብ የኢይዝራኤላዊውን የናቡቴን የወይን ቦታ ወደደ። ሲጀምር ሊነጥቀው አልተነሣም፤ በለውጡ የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጠው ጠየቀው። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ነውና አልሰጥም አለ። ከዚህ በኋላ ንግሥቲቱ ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ፣ በንጉሡ ማኅተም አትማ ወደ ከተማይቱ ሽማግሌዎች ላከች። ሽማግሌዎቹም ማኅተሙን አይተው የታዘዙትን ፈጸሙ፤ ናቡቴም በሐሰት ምስክር ተወግሮ ሞተ።

ደብሩ በነቢዩ ስም ተተክሎ አገሩም ደብረ ኤልያስ በሚባልበት በእኛ አካባቢ ይህን ታሪክ በልዩ ትኩረት ልናነበው ይገባል። ሁለት ነገሮችን ያስተምረናልና። አንደኛው፣ ዋጋ መቅረቡ የባለ ርስቱን እምቢ የማለት መብት አያስቀርም። ሁለተኛው፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ የባለቤቱ ፈቃድ ማለት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ትምህርቶች ይዘን፣ ዘርን፣ መድኃኒትን፣ መጻሕፍትንና ደንን ለማጥናት ወደ አጥቢያዎቻችን የሚመጡ እንግዶችን በተመለከተ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ሰበካ ጉባኤያትም ምን ሊያደርጉ እንደሚገባ እናብራራለን።

እንግዶች ስለ ምን ይመጣሉ?

የምሥራቅ ጎጃም ምድር ለተመራማሪ የሚስብ ብዙ ሀብት አላት። ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም የቅኔና የመጻሕፍት መፍለቂያ ናቸው፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የተማሩት በእነዚሁ አድባራት ነበር። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው ማሳ ጤፍ አብቃይ ነው። በጮቄ ተራራ ደጋማ ቦታዎች ገበሬው ገብስና እንግዶ ይዘራል። በአጸደ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ በሌላው ስፍራ የጠፉ ወይራ፣ ጽድና ኮሶ ተጠብቀው ይገኛሉ። ቅጠሉንና ሥሩን ለይተው የሚያውቁ መሪጌታዎችና እናቶችም አሉን።

ስለዚህ አንዱ እንግዳ ከገበሬው ጎታ አንድ እፍኝ ጤፍ ይለምናል። ሌላው የትኛው ሥር ለየትኛው ሕመም እንደሚሆን አረጋዊ መሪጌታን ይጠይቃል። ሦስተኛው የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ አራተኛው በአጸዱ ውስጥ ያሉትን ዛፎች ይቆጥራል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ደግሞ የገዛ ልጆቻችን ናቸው። እንግዳን መቀበልም የሃይማኖታችን ሥርዓት ነው። ስለዚህ የእንግዳውን ቅንነት አንመረምርም። የምንጠይቀው፣ የሚወሰደው ነገር የማን እንደ ሆነ፣ ባለቤቱስ ተጠይቆ እንደ ሆነ ነው።

በዓለም አደባባይ የተባለው

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በሌሎች አገሮች ያሉ ነባር ሕዝቦች ለረጅም ዘመን ሳይጠየቁ ተጠንተዋል፤ መሬታቸው፣ ዕውቀታቸው፣ የአባቶቻቸው ዐፅም ጭምር ያለ ፈቃዳቸው ተወስዷል። ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የነባር ሕዝቦችን መብቶች የሚመለከተውን መግለጫ እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 2007 አጸደቀ። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር፤ አገራችን የሁለት ሺህ ዓመትን በዓል ያከበረችበት ማግሥት ማለት ነው። 144 አገሮች ደገፉት፣ 4 ተቃወሙት፣ 11 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ ኢትዮጵያ በድምፅ አሰጣጡ ላይ አልተገኘችም። መግለጫው በአንቀጽ 31 ላይ ዘርን፣ መድኃኒትን፣ ስለ ዕፀዋትና እንስሳት ያለውን ዕውቀትና የቃል ትውፊትን በስም ጠቅሶ፣ ሕዝቦቹ እነዚህን የመጠበቅና የመቆጣጠር መብት እንዳላቸው ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በኢትዮጵያ ነባር ሕዝብ የሚባለው ማን ነው? ሁላችንም የአገሩ ተወላጆች አይደለንምን? የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ስሙን የሚጠቀምበት ቀድሞ የሰፈረውን ከኋላ ከመጣው ለመለየት አይደለም፤ በአኗኗራቸው ምክንያት ከልማትና ከውሳኔ ዳር ተገፍተው የቆዩ አርብቶ አደሮችንና በአደን የሚተዳደሩ ማኅበረሰቦችን ለማመልከት ነው። በዚህ ትርጉም የጎጃም አራሽ ገበሬ በስሙ ውስጥ አይካተትም። ነገር ግን መሠረተ ሐሳቡ በሌላ መንገድ ወደ እኛም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነትና ከእርሱ የወጣው የ2010 የናጎያ ፕሮቶኮል ነባር ሕዝቦችንና የአካባቢ ማኅበረሰቦችን አብረው ይጠራሉ። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ተቀብላለች፤ የአገራችንም ሕግ የሚናገረው ስለ አካባቢ ማኅበረሰብ ነው። ስለዚህ የደብረ ኤልያስ ገበሬ፣ የቢቸና ሸክላ ሠሪና የሞጣ ባለ መድኃኒት በሕጉ ጥላ ሥር ናቸው።

ካለፈው የምንማረው

ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ምን ይደረግ እንደ ነበር ሦስት ምሳሌዎችን እናቅርብ።

የመጀመሪያው ገብስ ነው። የሰብሉን ቅጠል እያስቢጨ አዝመራውን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የገብስን እርሻ ሲያጠፋ፣ መድኃኒቱ የተገኘው ከኢትዮጵያ በሄደ ገብስ ውስጥ ነበር። በዚያ ዘር ያለው በሽታን የመቋቋም ጠባይ ወደ ካሊፎርኒያ ገብስ ተዳቅሎ እርሻውን አዳነ። ያንን ገብስ ከዘመን ወደ ዘመን መርጦ ያቆየው ግን በሳይንስ መጻሕፍት ስሙ ያልተጻፈው የኢትዮጵያ ገበሬ ነው።

ሁለተኛው እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ስለ ሆኑ ግኝቱ ታላቅ ነበር፤ ዶክተር አክሊሉም በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉበት። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የውኃ ቧንቧዎችን የሚደፍን የዛጎል ዘር በእንዶድ ሊጠፋ እንደሚችል ተረጋግጦ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተወሰደበት፤ ይህም በዓለም ዙሪያ ብዙ ክርክር አስነሣ። የእንዶድን ጠባይ ከማንም አስቀድመው የሚያውቁት ልብስ አጣቢ እናቶች በየትኛውም ውል ላይ ተዋዋይ አልነበሩም።

ሦስተኛው ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ጤፍ ነው። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ዘር አጠቃቀም ላይ ስምምነት ፈረሙ። ኩባንያው ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ ለጤፍ ልማት እንዲያውል ተስማምቶ ነበር። ነገር ግን ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ በኔዘርላንድ አስገብቶ ነበር፤ መብቱም በኋላ በአውሮፓ ተሰጠው። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ከሰረ። የባለቤትነት መብቱ ግን ከኩባንያው ጋር አልሞተም፤ ወደ ሌሎች እጅ ተላለፈ። ስምምነቱን ያጠኑ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ነው። በመጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. የፈጠራ ርምጃ የለበትም በማለት መብቱን በኔዘርላንድ ውስጥ ሻረው። ይህም የሆነው መብቱን የያዘው ድርጅት ሌላ የአገሩን ኩባንያ ከሶ በተከራከረበት መዝገብ ነው። ጤፍ ዘሪው በዚያ ችሎት ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረም።

ከሦስቱ ምሳሌዎች የምናየው አንድ ነገር ነው። በሦስቱም ዕውቀቱ ወይም ዘሩ ለሰው ልጅ ጠቅሟል፤ ይህ መልካም ነው፣ የምንቃወመውም አይደለም። ጉድለቱ ባለቤቱ በመጀመሪያ አለመጠየቁ ነው። በመጀመሪያ ያልተጠየቀ በመጨረሻ አይታሰብም።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

ይህን ጉድለት ለመሙላት ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ቀድማ ሠርታለች። በእነ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ድካም፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 የማኅበረሰብን መብት የሚጠብቅ የሞዴል ሕግ አዘጋጀ። በአገራችንም በ1998 ዓ.ም. ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት እንዲሁም ስለ ማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጣ፤ ማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 169/2002ም ተከተለው። አርክቦት ማለት ሀብቱን ወይም ዕውቀቱን ማግኘትና መውሰድ ማለት ነው። ለአጥቢያዎቻችን የሚጠቅሙትን ዋና ዋና ነጥቦች ባጭሩ እንዘርዝራቸው።

ሀ. ዘርን ወይም ሌላ ጄኔቲክ ሀብትን፣ እንዲሁም የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለመውሰድ የሚሻ ሁሉ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሊያገኝ ይገባል። ለአገር ውስጥ የመንግሥት የምርምርና የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ግን ሕጉ ቀለል ያለ ሥርዓት አዘጋጅቷል።

ለ. የማኅበረሰብ ዕውቀት የሚወሰደው ማኅበረሰቡ አስቀድሞ ተረድቶ ሲስማማ ነው። ማኅበረሰቡ እምቢ ሊል፣ የሰጠውንም ስምምነት በበቂ ምክንያት ሊያነሣ ይችላል።

ሐ. ዕውቀቱ በጽሑፍ የሰፈረ ይሁን በቃል የሚተላለፍ፣ ጥበቃው እኩል ነው። ያልተጻፈ ስለ ሆነ ባለቤት የለውም አይባልም።

መ. ከጄኔቲክ ሀብቱ በገንዘብ መልክ ለመንግሥት ከሚገኘው ጥቅም 50 በመቶው የማኅበረሰቡ ድርሻ ነው፤ ይህም ለጋራ ጥቅሙ ይውላል።

ሠ. ከአካባቢው ውጭ የመጣ ሰው ፈቃዱን እንዲያሳይ መጠየቅ፣ ያለ ፈቃድም እንዳይወስድ መከልከል የማኅበረሰቡ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው።

ረ. ገበሬው ለጎረቤቱ ዘር ቢያበድር፣ እናት ለእናት መድኃኒት ብታሳይ፣ ሕጉ አይመለከተውም። በማኅበረሰብ መካከል የኖረው መሰጣጣት እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።

የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት የሚጠበቁት በሌላ ሕግ ነው፤ ይህም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። በቃለ ዓዋዲውም መሠረት የደብሩን ንብረትና ቅርስ የመጠበቅ ኃላፊነት በሰበካ ጉባኤው ላይ ነው።

ከአገር ውጭም ሕጉ እየጠነከረ ነው። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል አገሮች ግንቦት 16 ቀን 2016 ዓ.ም. በተቀበሉት ስምምነት፣ በጄኔቲክ ሀብት ላይ የተመሠረተ የፈጠራ ባለቤትነት የሚጠይቅ ሰው ሀብቱ ከየት እንደ ተገኘ እንዲገልጽ ይገደዳል።

መልካም ጥናት ምን ይመስላል?

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ጥናትን እንድትፈሩ አይደለም። ባለቤቱን አክብሮ የመጣ ጥናት በረከት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ መንበረ ፓትርያርካችን በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኝ ገዳማዊ ቤተ መጻሕፍት ጋር ተስማምቶ በሠራው ሥራ፣ ከ9,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሡ። መጻሕፍቱ ከአገር አልወጡም፤ ምስላቸው ግን ለትውልድ ተረፈ።

በደቡብ ጎንደርም ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው፣ ከብት እየገባ ቡቃያውን እንደሚያጠፋው አስረዱ። የጥናቱ ውጤት ውጭ አገር ታትሞ አልቀረም፤ ከሰማይ የተነሣው የደኖቹ ምስል ለካህናቱ ለራሳቸው ታየ። ካህናቱም ደኑ ምን ያህል እንዳነሰ አይተው የድንጋይ አጥር እንዲታጠር ተስማሙ፤ ምእመናኑም ድንጋዩን ከየማሳቸው እያነሡ አጠሩ። ማሳው ከድንጋይ ጠራ፣ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። በዚህ ሥራ ውሳኔው የባለቤቶቹ ነበር፤ ጥቅሙም በዚያው ቀርቷል።

ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

እንግዳ ለጥናት ሲመጣ አምስት ጥያቄዎች እንዲቀርቡለት እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ማን ነው፣ ከየትኛው ተቋም መጣ፣ የማንን ፈቃድ ይዟል? ከሀገረ ስብከት፣ ከወረዳ ቤተ ክህነት ወይም ከወረዳ አስተዳደር የመጣ ደብዳቤ እንግዳው እንዲስተናገድ የሚያሳስብ ነው፤ ዘርና ዕውቀት ለመውሰድ በቂ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሚወስደው ምንድን ነው? ዘር፣ ቅጠል፣ ድምፅ፣ ፎቶግራፍ ወይስ ቃል ብቻ? እያንዳንዱ በስሙና በመጠኑ ይነገር።

ሦስተኛ፣ ለምን ይውላል? ለትምህርት ብሎ የወሰደውን ለንግድ ሊያውለው ቢያስብ ተመልሶ ሊጠይቅ ይስማማልን?

አራተኛ፣ ባለ ዕውቀቱ ማን ነው፣ እርሱ ራሱስ ተጠይቋልን? ይህ ጥያቄ ለእኛም የተሰጠ ነው። ሰበካ ጉባኤው የማኅበረሰቡ አንድ አካል እንጂ ማኅበረሰቡ ሁሉ አይደለም። ዘር የምትመርጠው እናት፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ አንጥረኛው፣ ሙስሊሙ ጎረቤታችንም ባለ ዕውቀቶች ናቸው። በተለይ በእደ ጥበባቸው ምክንያት በስም እየተሰደቡ፣ ከስብሰባ ዳር ተቀምጠው የኖሩት ወገኖቻችን ስለ ራሳቸው ጥበብ በሌላ ሰው አፍ ሊፈቀድባቸው አይገባም። እነርሱን ሳንጠይቅ ብንፈቅድ፣ በእኛ ላይ እንዳይደረግ የምንከለክለውን በእነርሱ ላይ ማድረጋችን ነው።

አምስተኛ፣ ምን ይመለሳል? የጥናቱ ውጤት በአማርኛ ተጽፎ መቼ ለአጥቢያው ይደርሳል? የተነሣው ምስል ቅጂ በደብሩ ይቀመጣልን? ጥቅም ቢገኝስ ለማን ይደርሳል?

መልሶቹ በቃለ ጉባኤ ይጻፉ። እንግዳውም፣ የደብሩ አስተዳዳሪም፣ ባለ ዕውቀቱም ይፈርሙበት፤ መጻፍ የማይችል በጣቱ ያትም። አንዱ ቅጂ በደብሩ መዝገብ ቤት፣ አንዱ በእንግዳው እጅ ይቀመጥ። ጥርጥር ሲኖር የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን በወረዳው በኩል መጠየቅ ይቻላል። ዕውቀቱን ምሥጢር አድርጎ የያዘ አባት አልናገርም ቢል ማንም አያስገድደው፤ የናቡቴ መብት ይህ ነበርና።

አንዳንድ አባቶች፣ ዕውቀት የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነ ስለ እርሱ ፈቃድና ጥቅም መነጋገር ይገባልን? ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስጦታን በነጻ መስጠት ታላቅ ምግባር ነው። ነገር ግን ሰጪ የሚባለው አውቆ የሰጠ ነው፤ ሳያውቅ የተወሰደበት ሰው ሰጪ አይባልም። ባለቤቱ ተጠይቆ፣ ተረድቶ፣ በነጻ እንካችሁ ካለ ምስጋናው የእርሱ ነው።

የተከበራችሁ ካህናት አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ነቢዩ ኤልያስ ወደ ወይኑ ቦታ የደረሰው ናቡቴ ከሞተ በኋላ ነበር። ደብዳቤው በመጣ ጊዜ በዚያ የነበሩት የከተማይቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ባለቤቱ ተጠይቋልን? የሚል አንድ ሽማግሌ ቢገኝ ኖሮ የናቡቴ ነገር በሌላ መንገድ ሊሄድ ይችል ነበር። ለዘሩ፣ ለመድኃኒቱ፣ ለብራናውና ለደኑ በዛሬው ዘመን በዚያ ወንበር የተቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ከላይ የተዘረዘሩትን አምስት ጥያቄዎች በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ተወያይታችሁባቸው በቃለ ጉባኤ እንድታጸድቋቸው በአክብሮት እናሳስባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።